የቆርኪዋ ንግሥት

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት ሆሳዕና ወዳለው ቤቴ መጣ። ለአካባቢያችን የቼዝ ፌዴሬሽን ሊቋቋም ነው አለኝ፤ ከድሮ ተጫዋቾች አንዷ ስለሆንኩ የክብር አባል እንድሆን ወረቀት አቀረበልኝ። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። አንብቤ ሳበቃ ያቺ ቆርኪ ትዝ አለችኝ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የአውራጃው የቼዝ ኮሚቴ አዲስ አበባ ሄዶ የሚወዳደር አንድ ተማሪ ለመምረጥ ሆሳዕና ጠራን። ሰኔ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ከዳምቦያ በጭነት መኪና፣ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጣሁ፤ እናቴ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችልኝን ቆጮ ገና መንገድ ላይ ጨረስኩት። አዲስ አበባን ማየት እፈልግ ነበር። ከዚህ ሌላ የሚወስደኝ መንገድ አልነበረኝም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሦስቱም ቼዝ አይችሉም። ሊቀመንበሩ አቶ ላምቤቦ ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ይይዙ ነበር። ፈረሱን «በቅሎው» ይሉታል።

በመጨረሻው ጨዋታ የገጠመኝ ሱልጣን የሚባል የሆመቾ ልጅ ነበር። ጎበዝ ነው፣ ግን ይቸኩላል። ወታደሬ መጨረሻው ረድፍ ደረሰ፤ እዚያ የደረሰ ወታደር ደግሞ ንግሥት ይሆናል። የመጀመሪያዋ ንግሥቴ ገና ሰሌዳው ላይ ስለነበረች ለሁለተኛዋ የሚሆን ጠጠር ጠፋ። ከወለሉ የለስላሳ ቆርኪ አንስቼ አስቀመጥኩ። ሱልጣን ሰሌዳውን አየና እጁን ዘረጋልኝ።

«እጅህን መልስ» አሉት አቶ ላምቤቦ። «ለአንድ ንጉሥ ሁለት ንግሥት የት አገር ነው ያለው?»

«ጋሼ፣ ሕጉ እኮ ነው። ተሸንፌያለሁ።»

«አንተ ዝም በል። መሸነፍህን የሚወስነው ኮሚቴው ነው።»

ለስብሰባ ወጡ። ንግግራቸው በመስኮት ይሰማናል። ነጋዴው አባል፣ በእኛ ዘንድ እኩል ማስተዳደር ለሚችል እስከ አራት ይፈቀዳል አሉ። የካቶሊክ ትምህርት ቤቱ መምህር ከአንድ በላይ አይሆንም ብለው ቆረጡ። ስለ ቼዝ የተናገረ አልነበረም። ሊቀመንበሩ በመምህሩ ሐሳብ ተስማሙና ተመልሰው ቃለ ጉባኤ አነበቡልን፦ ሁለተኛዋ ንግሥት ሕገ ወጥ ናት፤ እኔም በዲሲፕሊን ጉድለት ተሰናብቻለሁ።

ሱልጣን «በእሷ ቦታ አልሄድም» አለ። ስለዚህ አቶ ላምቤቦ ያለ ቡድን፣ ቡድን መሪ ሆነው ብቻቸውን ሄዱ። ሲመለሱም ብዙ ልምድ መቅሰማቸውን ነገሩን።

እኔ አዲስ አበባን ያየሁት ከዓመታት በኋላ፣ ባለቤቴን ሳስታምም ነው። ከሆስፒታሉ መስኮት የሚታየውን ያህል አየሁ።

ወጣቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «ልጄ፣ ወታደር መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ምን ይሆናል?»

ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እማማ፣ እሱን ቴክኒክ ኮሚቴው ሲዋቀር ያየዋል» አለኝ።

ሳልፈርም መለስኩለት። ሱልጣን ያኔ እጁን መልስ ሲባል አልመለሰም፤ እኔም ጨበጥኩት። ጨዋታው ያለቀው እዚያ ላይ ነው። የቀረው ቃለ ጉባኤ ነው።