የአያ ደምለው አርባ ቀን

አያ ደምለው በአጭር ሕመም ማረፋቸውን የሰማሁት በምሠራበት ሆቴል፣ እሳቸው ባቋቋሙት የዓሣ ገንዳ ፊት ቆሜ ነው። ዘበኛው «አያ ደምለው አረፉ አሉ፤ ነገ በአራት ሰዓት ይቀበራሉ» ብሎኝ ወደ በሩ ተመለሰ። እኔም ዓሣዎቹን መመገቤን ቀጠልሁ። ሌላ ምን ማድረግ እንደሚገባኝ አላወቅሁም።

የምታውቋቸው ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ አያ ደምለው የኮላ ድባ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሰው ዓይነ ምድር ሲመረምሩ ነው። ጡረታ ሲወጡ ያንኑ ሙያ ወደ ጌጥ ዓሣ አዞሩት። ጎንደር ውስጥ የአንድ ሰው ዓሣ ሆዱ ሲሰረጉድ፣ ዓይነ ምድሩም እንደ ክር ቀጥኖ ሲነጣ፣ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በማይክሮስኮፕ በዓይነ ምድሩ ያለውን የሆድ ትል እንቁላል ያሳዩናል፤ መድኃኒቱን ከምግቡ ጋር ለውሰው ይሰጣሉ። አንዲት ተማሪ በጠርሙስ የያዘቻትን ዓሣ ለማየት በዝናብ ከአዘዞ በእግራቸው መጥተው ያውቃሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዓሣ አርባ ቀን ለብቻው ሳይቆይ ከነባሮቹ አይቀላቀልም። «ክርስትና ሳይነሣ ማን ቤተ ክርስቲያን ያስገባዋል?» ይሉ ነበር። በሆቴሉ ረዳታቸው ነበርሁና፣ «ሴቶቹስ ሰማንያ ሊቆዩ ነው?» ብላቸው፣ «ሴት መሆናቸውን ይንገሩሽና ትቆጥሪላቸዋለሽ» ብለው ሳቁብኝ። ሕጉ ግን ቀልድ አልነበረም። ትል ያለበት ዓሣ መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ይመስላል፤ መብላት ካቆመ ደግሞ በምግብ የሚሰጠው መድኃኒት አይደርስለትም።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ እሳቸው ለዘመድ ለቅሶ ኮላ ድባ ወርደው ሳለ፣ የሆቴሉ ባለቤት «እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ገንዳው ሳስቷል» አሉኝ። ከአዲስ አበባ የመጡትን አዲሶቹን በዘጠነኛ ቀናቸው አስገባኋቸው። ያማሩ፣ ደህና የሚበሉ ዓሣዎች ነበሩ። ከበዓሉ በኋላ አያ ደምለው ለዓመታት ያሳደጓቸው ነባሮቹ ከአንዲት ቀይ ዓሣ በቀር እየከሱ አለቁ። እሳቸው በማይክሮስኮፑ አይተው ቀና አሉ። «ምነው ልጄ?» ብቻ አሉኝ።

ባለቤቱ «ማን ነው ያጠፋው?» ብለው ሲቆጡም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አያ ደምለው «እኔ ነኝ። ቀን ተሳስቶብኝ አስገቢያቸው ብያት ነው የሄድሁት» አሉ። የዚያኑ ዕለት ከሥራ ተሰናበቱ። «ዓይናቸው ደክሟል» የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው፤ ዳግም የጠራቸው የለም። በቦታቸው የተተካሁት እኔ ነኝ።

ታመው ልጠይቃቸው የሄድሁት አንድ ጊዜ ነው። ስለ ሕመማቸው አላወሩኝም። «ቀይዋ ሸጋ ናት? ትበላለች?» አሉኝ። ከሥራ ሲወጡ በእጃቸው ካሳደጓቸው የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች። «ትበላለች» አልኋቸው። ደስ አላቸው።

ዛሬ በተዝካራቸው፣ ልጃቸውና የሆቴሉ ባለቤት በተቀመጡበት፣ ዓሣዎቹን የፈጀሁት እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ልጃቸው ፊቷን አዞረችብኝ። ባለቤቱ «እሱማ አለፈ» ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ለሁላችሁም እጽፋለሁ። የአያ ደምለው ዓይን አልደከመም፤ ቀንም አልተሳሳተባቸውም።

አያ ደምለው፣ ዛሬ አርባዎ ነው። በሕይወት ሳሉ አንድ ቃሌ ይበቃዎት ነበር፤ እኔ ግን እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልሁ። ይቅር ብለውኝ እንደሄዱ አውቃለሁ፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ስለ ቀይዋም ዋሽቼዎታለሁ። ያን ቀን ልጠይቅዎት የመጣሁት እሷን ቀብሬ ነበር። ደህና ይረፉ።