ዝም ያለው አውራ ፍየል

ልጅ ሳለሁ አያ ቢሻው፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግረን ጎረቤታችን፣ ወንድሜን ደምሌን አሳልፎ ሰጠው። ያኔ አንቱ እንለው ነበር፤ በወረቀት ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

ቤታችን ዓባይ ማዶ፣ ከሐይቁ ዳር ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ የምታሳድረን በአንድ አውራ ፍየል ነው፤ ባለፍየሎች እንስቶቻቸውን እየነዱ መጥተው ያስጠቁና እህል ይሰጡናል። ጉረኖውን ያጠረልን ራሱ አያ ቢሻው ነው። አልክድም፣ እጁ የተባረከ ነበር። እንጨቱን ከሰው ደረት አስበልጦ ጥቅጥቅ አድርጎ ተከለው። እናቴ በደንገል ገመድ ልታስር ስትል «እራቱን ልታቀርቢለት ነው?» ብሎ ስቆባት በጠፍር አሰረው። ፍየሉ ረግጦ እንዳይዘል ከአጥሩ ሥር ያለውን ድንጋይና ጉቶ ሁሉ ለቅሞ ጣለ። ሲጨርስም «አውራ ፍየልን አጥር ብቻውን አይዘውም፤ ጓደኛ ይሻል» ብሎ አንድ ሙክት አብሮት እንዲያድር አደረገ። እውነትም ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ሲያመነዥኩ ድምፃቸው አይሰማም ነበር።

ማታ ኩራዙ በርቶ፣ የሐይቁ ብርድ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ጅብ መንኩሶ ፍየሎችን ሊያናዝዝ የሄደበትን ተረት ሲነግረን ድምፁን እንደ መነኩሴ ያለሰልሰው ነበርና፣ ጢሙ ማቀምቀም የጀመረው ደምሌ እንኳ ያኔ «ይድገሙልን» ይል ነበር።

ከዚያ ቀበሌው ለዘማች ስንቅ ብሎ ሙክቱን ወሰደው። አውራው አበደ። ቀን ከሌት ይጮኻል፤ የፊት እግሮቹን አጥሩ ላይ ሰቅሎ መንገድ መንገዱን ያያል፤ ቅጠል አይነካም። ሰፈሩ በጩኸቱ ተማረረ። በዚያው ሰሞን አፈሳ መጣ፤ ጎረምሳው ሁሉ ለጦር ሜዳ ይለቀም ጀመር። እናቴ ደምሌን ጉረኖው ጥግ ካለው ጭድ ሥር ደበቀችው። የአውራ ፍየል ሽንት የጠጣ ጭድ ውስጥ ማን እጁን ይሰዳል ብላ ነው። ብልሃት ነበር፤ ያላሰበችው የፍየሉን ነገር ነው። ጓደኛ አገኘና ዝም አለ።

በማግስቱ ማታ አያ ቢሻው ተረቱን መሐል ላይ ገታ አድርጎ ወደ ደጅ አዳመጠ።

«አንቺ የደምሌ እናት፣ ይህ ፍየል ዛሬ ምን አግኝቶ ነው?»

«ለመደው መሰል፣ አያ።»

«አውራ ፍየል ብቸኝነት አይለምድም» አለና ፍሙን ቆስቆስ አድርጎ ተረቱን ቀጠለ። የእናቴ እንዝርት ቆመ። እኔ ሳቅሁ፤ ተረቱ ያስቅ ነበር።

ከእኛ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ቀበሌ ሲገባ ጎረቤት አይቶታል። እናቴ ጎህ ሳይቀድ ደምሌን ልታሸሽ ተነሣች፤ ቀድመዋት ነበር። የአብዮት ጠባቂዎቹ ቤቱን አልፈተሹም፣ ቀጥ ብለው ወደ ጉረኖው ሄዱ። ደምሌን ፀጉሩ ላይ ጭድ እንዳለበት ወሰዱት። ፍየሉ እየጮኸ እስከ አጥሩ ተከተለው።

አያ ቢሻው የደምሌ እኩያ ልጅ ነበረው። ከሰፈራችን የሚፈለገው ቁጥር በደምሌ ሞላና ልጁ ቤቱ ቀረለት። ደምሌ ከሰሜን አልተመለሰም፤ መርዶ እንኳ አልመጣልንም። እናቴ በር በሩን እያየች አረጀች፤ እኔንም «ነገሩን እንዳታነሺበት፣ ለእግዜር ስጪው» ትለኝ ነበር።

በኋላ ፊደሉን ለብቻዬ ቆጥሬ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነበብሁ። ክፉ ሰው ከፊቱ ይታወቃል የሚል ሳገኝ ገጹን እገለብጠዋለሁ። እንደ አያ ቢሻው የሚተርት ደራሲ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ለልጆቼ ተረት ነግሬ አላውቅም። አፌን ስከፍት የሚወጣው የእሱ ድምፅ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ እናቴ ሞተች። አያ ቢሻው ልጁን ተደግፎ ለቅሶ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ ቀስ ብሎ «ልጄ፣ ያኔ እኮ ጊዜው ነው» አለኝ። የምትከለክለኝ እናቴ ተቀብራለች። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ መለስሁለት፦

«አያ፣ ጊዜ እግር የለውም። ቀበሌ ድረስ የሄደው የእርስዎ እግር ነው።»