ማርያም የሳመችው

በ1979 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አጠና ተራ ፌርማታ ከአውቶቡስ ስወርድ፣ አብራኝ የወረደች ነፍሰ ጡር ሴት፣ ልጅ እንዳዘለች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰፊ ቡናማ ፖስታ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ልያዝልሽ፣ እህቴ?»

«እንዳይታጠፍ ብቻ። የልጄ ፎቶ ነው።»

ዘመነች ትባላለች። እስከ ቀበሌው ሱቅ መንገዳችን አንድ ስለነበር አብረን ወረድን፤ እሷ እያረፈች፣ እኔ እየጠየቅኩ።

ጀርባዋ ላይ የተኛው በዛብህ አምስት ዓመቱ ነው። ግንባሩ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰፊ ምልክት አለው። ሲወለድ ጎረቤቱ ሁሉ «ማርያም የሳመችው!» ብሎ እልል አለ። እሷም እንዲታይላት ብላ ኮፍያ አድርጋለት አታውቅም። ዓመት ሳይሞላው ግን ይጥለው ጀመር። ጠበሉንም፣ የሐኪም ክኒኑንም ሞከረች። ባሏ በቅርቡ ዘምቶ ከአማቷ ከእማማ ወለተጻድቅ ጋር ነው ያለችው።

«'በሽታው ከናንተ ዘር ነው' አሉኝ። ይሄኛውን ስፀንስማ ሆዴን እያዩ ዝም። ዝምታቸው ነው የገደለኝ።»

ሐኪሙ «ጭንቅላቱ ፎቶ ይነሳ» ሲላት ልጁን አጥባ፣ ፀጉሩን ቅባት ቀብታ፣ የጥምቀት ልብሱን አልብሳ ወሰደችው። ራጅ የሚያነሳው ሰውዬ ሳቀባት።

«እናት፣ ይሄ እኮ አጥንት ነው የሚያየው!»

ልጁ አልረጋ አለ። «እኔ ልያዘው» ብትል፣ «ለሆድሽ ጥሩ አይደለም» ብሎ አስወጣት።

ዛሬ ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳያት። ልክ ከምልክቱ ሥር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን የሚሄዱ ነጫጭ መስመሮች።

«ብዙ የማይገኝ በሽታ ነው» አላት። «ግንባሩ ላይ ያለውና ውስጥ ያለው አንድ ነው።»

«የሚጥለው ማርያም የሳመችው ቦታ ነው?»

ሐኪሙ ፊልሙን አውርዶ ፖስታው ውስጥ ከተተላት። እሷም ሌላውን ጠየቀች፦ «ሆዴ ያለውስ?»

«በዘር አይመጣም። ያንቺም፣ የባልሽም ጥፋት አይደለም።»

መድኃኒቱ ግን ያው የድሮው ክኒን ነው።

«ታዲያ ደስ አይልሽም?» አልኳት።

«ይላል። ደክሞኝ ነው እንጂ። ለእማማ በመስኮቱ ብርሃን አሳያቸዋለሁ። ካላመኑም እንግዲህ…»

ሱቁ ጋ ስንደርስ ፖስታውን ተቀበለችኝ። በዛብህ ነቅቶ አንገቷን አቀፈ። ዞር ብላ ግንባሩን ሳመችው።

«ይሄንን ማርያም ስማ ነው የሰጠችኝ፤ እወደዋለሁ» አለችኝ። «የሚመጣውን ግን፣ ወንድሜ፣ ሳትስመው ትስጠኝ።»