የባሕር ኮከብ ያልሆነው እግሬ

የመጀመሪያው ምልክት ሽታ ነበር። የታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃንን ጨብጦ ይዟታል። እግሬን ወደ ኤሌክትሪክ ማሞቂያው ዘርግቼ ፈተና ሳርም ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ «ምንድን ነው የሚቃጠለው?» አለች።

«የጎረቤት ይሆናል» አልኳት።

የእኔ ካልሲ ነበር። ትንሿ የእግሬ ጣትም ውስጡ ነበረች። ምንም አልተሰማኝም።

ይህን የምጽፈው ስኳር እንዳለባችሁ ገና ለተነገራችሁ ነው። እኔ የተነገረኝ በማግስቱ ሐኪም ቤት ነው። ስኳሩ ሳላውቀው የእግሬን ነርቮች ጎድቷቸው ኖሯል፤ ኒውሮፓቲ ይሉታል።

ቁስሉ አልድን አለ። ጣቷ ጠቆረች። ሥጋዋ ሞተ፤ ጋንግሪን ይሉታል።

ቀዶ ሐኪሟ ጭንብሏን ዝቅ ስታደርግ አወቅኋት። ባዮሎጂ ያስተማርኳት ልጅ ናት።

«መምህር፣ ጣቷ መቆረጥ አለባት። ከቆየች እግርዎን ይዛ ትሄዳለች።»

ፈራሁ። መምህር ሲፈራ ደግሞ ይጠይቃል።

«የባሕር ኮከብ፣ ያቺ አምስት ክንድ ያላት የባሕር እንስሳ፣ ክንዷ ቢቆረጥ ምን ይሆናል?»

«ተመልሶ ይበቅላል።»

«የሰውስ?»

ሳቀች። «‹የሰውም ይበቅላል› ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ ዜሮ ሰጥተውኛል እኮ!»

«ዛሬ እውነት ብታደርጊው ሙሉውን እሰጥሽ ነበር።»

ቆረጠቻት። እግሬ ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር፤ ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበና እየታሸገ፣ እኔም ኢንሱሊን ሆዴ ላይ መውጋት እየተማርኩ፣ እግራቸው ተሰብሮ አጠገቤ ባለው አልጋ ለተኙት የደነባ ገበሬ፣ ለጋሽ ተክሌ፣ ማስተማሬን ቀጠልኩ። የባሕር ኮከብ ክንዷ ሲቆረጥ መጀመሪያ ቁስሏን እንደምትዘጋ፣ ከዚያ ሕዋሳት ተሰብስበው ትንሽ ቡቃያ እንደሚያወጡ፣ ቡቃያዋም ቀስ እያለች ክንድ እንደምትሆን ነገርኳቸው። ሸርጣን ደግሞ ጠላት እግሩን ከያዘበት ራሱ ጥሎት ያመልጥና ቅርፊቱን ሲቀይር አዲስ ያወጣል አልኳቸው።

ጋሽ ተክሌ ጥቂት አሰቡና፣ «አይ አምላኬ! ይህን ለበሬ አድርገኸው ቢሆን በየዓመቱ አንድ ቅልጥም እየበላን እናርስበት ነበር!» አሉ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ነርሷ እየሮጠች መጣች።

አንዳንዷ የባሕር ኮከብ ደግሞ ከተቆረጠው ክንድ ሙሉ አካል ታበቅላለች ስል ምሳ ይዛ የመጣችው ጥሩወርቅ ሰማች።

«ጣትህን የት ጣሏት?»

«ምነው?»

«አድጋ ሌላ አንተ እንዳትሆንብኝ። አንዱን መቼ ቻልኩት?»

እኔ ቡቃያ አላወጣሁም። ቁስሉ ግን ጠባሳ ሠርቶ ተዘጋ፤ መጀመሪያ በምርኩዝ፣ በኋላም ሰፋ ባለ ጫማ፣ ትምህርት ቤቴ ያለበትን አቀበት እያረፍኩ መውጣት ጀመርኩ።

ስኳራችሁን ተለኩ። እግራችሁን በእሳትም በማሞቂያም አታሙቁ፤ ወፍራም ካልሲ ይበቃል። እግራችሁን የምትታጠቡበትን ውኃ ሙቀት አስቀድማችሁ በክርናችሁ ሞክሩ። ትንሽ ቁስል ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሜንና ነርሶቹን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ጥሩወርቅን ነው። ውስጥ እግሬን ጎንበስ ብዬ ማየት ስለማልችል ማታ ማታ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በስልኳ መብራት በየጣቶቼ መካከል ትመረምራለች።

«ዘጠኝ» ትላለች ስትጨርስ። «ሁሉም አሉ። በል አሁን እራትህን ብላ።»