ጎረቤታችን ያወጣችው ስም

ባለፈው ሳምንት የማስተምርበትን ትምህርት ቤት የሥዕል ቁም ሣጥን ሳስተካክል የአንድ ጠርሙስ ክዳን ከፈትኩ። የጃፓን የብሩሽ ቀለም ነበር፣ ጥቁር፤ እርጥብ ጥላሸትና ጥድ ይሸታል። ጠርሙሱን በመደዳው ማስቀመጥ ሲገባኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በአፍታ ተመልሼ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ እንግሊዝ አገር፣ ፊንስበሪ ፓርክ ነበር የምንኖረው፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ የካውንስል ፍላት፣ እንደ ቀበሌ ቤት ያለ፣ ሦስተኛ ፎቅ። የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ተጋምሰው ነበር። እናቴን ምጥ የያዛት በመጋቢት መጨረሻ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አባቴ ሆቴል ወጥ ቤት ሥራ ላይ ነበር፤ ሞባይል የሚባል ነገር ገና በእኛ ቤት አልገባም። ስለዚህ እኔ ሮጬ የፊት ለፊቱን በር መታሁ። ጃፓናዊቷ ጎረቤታችን ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳትጫማ ወጣች። ሚኒካብ ታክሲ የጠራችው እሷ፣ ቦርሳውን የተሸከመችው እሷ፣ እህቴ እስክትወለድ ድረስ እናቴ እጇን ጨብጣ ያደከመቻትም እሷ ነች።

አራስ ጥየቃው ተጀመረ። ኮሪደሩ በሙሉ ንጥር ቅቤ ሸተተ። የመጣው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ ገንፎውን ይቀምሳል። እናቴም ለእያንዳንዱ «በሉ እንግዲህ ስም አውጡላት» ትላለች።

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ። ይህ በእኛ ዘንድ ክብር እንጂ ውል አይደለም። እንግዳው የወደደውን ስም ይናገራል፣ ይመርቃል፣ እሱ ልጅቷን በዚያ ስም ሲጠራት ይኖራል። ወላጆች የሚያስመዘግቡት ያሰቡትን ነው። እኔ ስሞቹን በደብተሬ በሰንጠረዥ እመዘግብ ነበር፤ ማን እንዳወጣው፣ ትርጉሙ፣ የኔ አስተያየት። አሥራ አንድ ደርሰዋል።

በዘጠነኛው ቀን ጎረቤታችን መጣች። የገንፎውን ጠርዝ እንዳየችን እየቆረሰች ስትበላ እናቴ እንደ ልማዷ «በያት፣ ስም ታውጣላት» አለችኝ። ተረጎምኩ። ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ልማዱን ግን አልተረጎምኩም። ሴትየዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ጠየቀችኝ፤ «ስንት ቀን አለኝ?»

እኔም ሥርዓት የምወድ ልጅ ስለነበርኩ መልሱን አውቀዋለሁ። በአገሩ ሕግ ልደት በአርባ ሁለት ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘጠኙ አልፏል። «ሠላሳ ሦስት» አልኳት። እጇ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ባገኘችኝ ቁጥር አንድ እንግዳ ቃል ታስብለኛለች። እኔ እላለሁ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች ወይም ፊቷ ይበራል። ጃፓንኛ የምታስተምረኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ለአፋችን የማይከብደውን እየመረጠች ነው።

ሦስት ሳምንት ሲሆነው፣ ቅዳሜ፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ወፍራም ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ቀለሙ ገና ይሸታል። «ሃሩኮ» አለች። የፀደይ ልጅ ማለት ነው። እናቷ ዘንድ ጃፓን ሦስት ጊዜ ደውላለች፣ ዕድሏ እንዲያምር የፊደሉን ጭረት ቆጥራለች፣ ከሌሎች ስሞች ጋር አመዛዝናለች። እናቴ ወረቀቱን ተቀበለች፣ አየችኝ፣ ሴትየዋ ነገሩን የምር እንደወሰደችው ገባት። ከዚያም ጎረቤታችንን አቅፋ ሳመቻት።

ሴትየዋ እንደወጣች የክርስትና እናት ሊሆኑ የተመረጡት የእናቴ አክስት ፈነዱ።

«ጃፓን? የጃፓን ስም ያለው መኪና ነው እንጂ ልጅ አላውቅም!»

«ይልመዱ እንግዲህ፣ እትዬ» አለች እናቴ።

«ሰው ምን ይላል? ቄሱስ?»

«ቄሱ የክርስትና ስሟን ያወጣሉ፤ እሱ የእግዜር ነው። መጠሪያዋ የኔ ነው።»

«ለአበሻ ልጅ!»

«የእርስዎ ልጅ ናንሲ አይደለች እንዴ? ቅድስት ናንሲ የምትባለው የት ደብር ነው ታቦቷ?»

አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ጡጦ ሊያጥብ ተነሣ። ከወጥ ቤት ሆኖ «ሃ፣ ሩ፣ ኮ። ሦስት ፊደል ነች፤ እኔ እችላታለሁ» ሲል ሰማነው።

አክስት ወደ እኔ ዞሩ። «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። ሂጂና ልማዳችን መሆኑን አስረጂያት። ጨዋ ሰው ነች፣ ይገባታል። አለዚያ ሌላ የክርስትና እናት ፈልጉ።»

እናቴ አልከለከለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። ጥፋቱ የኔ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማስረዳትም እችላለሁ፣ በዚያ ዕድሜዬም ከማስረዳት በላይ የምችለው ነገር አልነበረም። ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ተሻገርኩ።

በሯ ክፍት ነበር። ወለሉ በጋዜጣ ተሸፍኗል። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ፣ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው፣ የእህቴ ስም ያለባቸው ወረቀቶች ተሰቅለዋል፤ ሃያ፣ ምናልባት ሠላሳ። ሁሉም ለኔ አንድ ናቸው። ለሷ ግን አንዱ ብቻ ነበር ለእኛ የሚገባው። ከመስኮቱ የገባው የከሰዓት ብርሃን በወረቀቶቹ ውስጥ ሲያልፍ ቀለሙ ቡናማ ይመስላል። አንገቷ ላይ የቀለም ጠብታ ነበረ።

«ልጅ የለኝም» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ስም አውጪ ብሎኝ የሚያውቅ ሰውም የለም። እናትሽን በትክክል አመሰገንኳት?»

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አፌ ውስጥ ነበሩ። «በትክክል» አልኳት።

ስመለስ አክስት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ነበር። «ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። አልነግራትምም።»

ለትልቅ ሰው እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። ጉንጬን ለጥፊ አዘጋጀሁ። እናቴ ግን ሕፃኗን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው እያዛወረች፣ ቀና ሳትል «ጎሽ» አለች። «ቤቴ ገንፎ ያስቀመስኳት ሰው ናት። ስም አውጪ ብያት ስታወጣ እምቢ ልበል? ልማዱ እንደሆነ እዚህ ቤት የተፈጸመው ዛሬ ገና ነው።»

አክስት በሩን ዘግተው ወጡ።

በልደት ምዝገባው ቢሮ ጸሐፊው ስሙን ሲሰማ እናቴን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አያት። «እርግጠኛ ነሽ?» እናቴ እንግሊዝኛዋ ትንሽ ነበር፤ ለዚያ ቀን ግን በቃት። «ዬስ። ራይት ኢት» አለች። እኔ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ሁለት ጊዜም ቼክ አደረግሁለት።

በሰማንያኛው ቀን ክርስትና ስትነሣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የክርስትና እናት ሳይኖረን ቆምን። ጎረቤታችን የእናቴን ነጠላ አድርጋ፣ ጫማዋን ከሁሉም ቀድማ አውልቃ ነበር። ቅዳሴው ሊገባ ሲል አክስት እያለከለኩ ደረሱ። ማንንም ሰላም ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ። «ስጡኝ። ስሟን ግን አልጠራም!» እስከ ዛሬም በክርስትና ስሟ ብቻ ነው የሚጠሯት፤ እህቴም «አቤት» ትላቸዋለች።

ጎረቤታችን እህቴ ሦስት ዓመት ሳይሞላት አገሯ ተመለሰች። በየጥር መጀመሪያ ካርድ ይመጣ ነበር፣ በዚያው ብሩሽ የተጻፈ። አንድ ጥር ላይ ቀረ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍን፤ ሁለተኛው ተቀባዩ አልተገኘም የሚል ማኅተም ተመቶበት ተመለሰ።

እህቴ ዛሬ በቁመት በልጣኛለች። ስሟን የሚጠይቃት ሁሉ ግንባሩን ይቋጥራል፤ እሷም እንደ እናታችን አገጯን ቀና አድርጋ ትመልሳለች። ጎረቤታችን እንዳወጣችላት ታውቃለች። ቀሪውን፣ የኔን ትርጉም፣ አላስረዳኋትም። ማስረዳት እንጀራዬ ነው፤ ይቺን አንዷን ግን እምቢ እንዳልኩ አለሁ።

የዚያን ቀን ጠርሙሱን ስከድን አውራ ጣቴ ጠቆረ። ሳልታጠብ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩና ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁላት። ዓይኗን ጨፍና አሸተተች።

«ያቺ ጎረቤታችን ብቻዋን ነች እኮ» አለች። «በወጉ ትበላ ይሆን?»