የዘርፌ ወንድም ፊት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ አያውቅም። የንስሐ አባቴም ዘንድ ሁለት ጊዜ ልናገር ሄጄ፣ ስለ ጾም ብቻ አውርቼ ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

የምኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ነው። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አንድ ሳምንት ካለ ሦስት ሳምንት የለም። ልጅ አልወለድንም። ባዶው ቤት ሲያስጨንቀኝ ከስልኬ እያየሁ አሻንጉሊት መሥራት ጀመርኩ። ስስ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ ጥጥ ይጠቀጠቃል። ከዚያ መርፌው በማጅራት ገብቶ በዓይን በኩል ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ክሩ ሲሳብ አፍንጫ ይነሳል፣ ጉንጭ ይሞላል። ፊቱን ሁሉ ይዞ የሚያቆመው ማጅራቱ ላይ፣ ከፀጉሩ ሥር የሚቋጠር አንድ ክር ነው። ይህን አንድ ግቢ ለምንኖረው ለዘርፌ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በሁለት ወር በለጠችኝ። ምን ነበረበት ብደሰትላት? አልቻልኩም። የእኔዎቹ ሁሉ ያበጠ ድንች ይመስላሉ። የእሷዎቹ ይኮሳተራሉ፣ ያሽሟጥጣሉ። አንድ ቀን ባሌ ከመንገድ ገብቶ፣ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ የእሷን አነሳና «ይቺማ ልትናገር ነው!» አለ። ወደ እኔ ሥራ ዞሮ «ጥሩ ነው» አለኝ። ያ «ጥሩ ነው» ሲያንገበግበኝ ሰነበተ።

ከዚያ ዘርፌ ወንድሟን ሠራች። ታናሿ ወደ የመን ሲሻገር እኛ ግቢ አራት ቀን አድሮ ነበር፤ ከሄደ ወዲህ ድምፁ የለም። ፎቶው የነበረበት ስልኳም ተሰርቋል። ፊቱን በመርፌ ስትፈልገው ሦስት አርብ፣ ሦስት የዕረፍት ቀኗን ፈጀባት። ስትጨርስ ደነገጥኩ፤ ግራ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ሰው የሚያየው ያ ልጅ ራሱ ነበር።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ፊቱን ብረሳው እንኳ ይሄ አለልኝ» አለችኝ።

እኔ ሐዘኗን አልሰማሁም። እጇን ብቻ ነው ያየሁት። ቀናሁ። በጠፋ ልጅ ፊት ቀናሁ፤ ከዚህ የባሰ ቅናት ታውቃላችሁ?

በማግስቱ ቀትር፣ ሰፈሩ ከሙቀቱ ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ ዘርፌ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ሄዳ ነበር። ቁልፏን የምትተወው እኔ ጋ ነው። ከፍቼ ገባሁ። የአሻንጉሊቱን ፀጉር ገልጬ ክሩን በመቀስ ቆረጥኩት። ማንም አልገፋፋኝም፤ እኔ ቆረጥኩት። ፊቱ ቀስ እያለ ለቀቀ። ቅንድቡ ወረደ፣ አፍንጫው ሰመጠ፣ የእኔን ሥራ መሰለ። የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር።

ዘርፌ ማታ መጥታ «ቋጠሮዬ ላልቶ ነው» ብላ ራሷን ረገመች። ልትመልሰው ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ መርፌውን ጣለችና «ፊቱ ጠፋብኝ» ብላ ተንሰቀሰቀች። አሻንጉሊቱን አምጥታ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችው።

«አንቺም አይተሽዋል፣ እትዬ። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ መልሺልኝ።»

ሠራሁት። ልጁን ባየው አውቀዋለሁ እንጂ ፊቱን አስታውሼ ልሠራው አልችልም ነበር። ስለዚህ እንዲሁ የአንድ ወጣት ፊት፣ ደህና የሚመስል ፊት ሠራሁ። ዘርፌ ብዙ አየችው። «አዎ፣ እሱ ነው። እጅሽ ይባረክ» ብላ ሳመችኝ።

እሱ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ስሙን እየጠራች የምትስመው የማንም ያልሆነ ፊት ነው። እውነተኛውን ፊት ከአሻንጉሊቱ ብቻ ሳይሆን ከእሷም ውስጥ አጥፍቼዋለሁ።

እና «እጅሽ ይባረክ» ስትለኝ ደስ አለኝ። ሥራዬን ወደደችልኝ ብዬ ደስ አለኝ! ብነግራት ያቺኑ የቀረቻትን መጽናኛ እወስድባታለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ውሸቴን ነው። ዝም ያልኩት ምስጋናዋን ላለማጣት ነው።