የአማቴ ሁለተኛ ራውተር

አቃቂ፣ በአማቴ ግቢ ካለው ሰርቪስ ቤት ስንኖር ዋይፋዩ የሚደርሰው ግቢው መካከል እስካለው ዘይቱን ዛፍ ድረስ ብቻ ነበር። ከዛፉ አለፍ ብሎ ወደ እኛ በር የተጠጋ ሰው ኔትወርክ የሚባል አያገኝም። የስልኩ መስመር የሚገባው በዋናው ቤት ስለሆነ ራውተሩም እዚያው ሳሎን ነው። ያውም ቡፌ ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጎን፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሶ። አማቴ የሚሳሱለትን ዕቃ ሁሉ የሚያኖሩት እዚያ ስለነበር ማክበራቸው ነው። በሳሎኑና በእኛ ቤት መካከል ደግሞ ዙሪያዋን በቆርቆሮ የተሠራች ማድቤት አለች። ከቡፌው ያመለጠውን እሷ ታስቀረዋለች።

እኔ የምሠራው ቤቴ ሆኜ ነበር። ከተማ ያለ አንድ ቢሮ ሰነድ በኢሜይል ይልክልኛል፣ ተርጉሜ እመልሳለሁ። ሴት ልጃችን ገና ጡት አልተወችም፤ ባለቤቴ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ፋይል ለመላክ ዱካዬን ይዤ ዘይቱን ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ። በጋውን እንደምንም ገፋሁት። ክረምት ሲገባ ግን በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በሌላው ላፕቶፕ ይዤ የጎረቤት መሳቂያ ሆንኩ።

በመጨረሻ ባለቤቴን ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ቤት እንከራይ አልኩት። የነገርኩት ምክንያት ኢንተርኔቱን ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ። ሌላው ግማሽ የጓዳው ቁልፍ ነበር። ዱቄቱ፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው የሚቀመጠው ዋናው ቤት ጓዳ ነው፤ ቁልፉ የአማቴ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ከእሳቸው አይለይም። በየጠዋቱ ሳህን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ እሳቸው ከፍተው፣ ሰፍረው ይሰጡኛል። ስስት አያውቁም፤ የሚሰጡት ሁልጊዜ ከሚበቃን በላይ ነው። ዕድሜያቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ሆነው ስለኖሩ፣ በእጃቸው ያላለፈ ነገር የተሠራ አይመስላቸውም። እኔ ግን ሥራ ያለኝ፣ የወለድኩ ሴት ሳህን ይዤ መቆሜ ያንገበግበኝ ነበር። ይህን ደግሞ ለአማት በምን አፍ ይነግሩታል? ዋጥ አድርጌ ኖርኩ።

አንድ ቤት አይተን ልንወጣ ማሰባችንን ባለቤቴ ሲነግራቸው አትሂዱ አላሉም። "ይቅናችሁ" ብለው ልጃችንን ከጭኔ ላይ ወሰዷት፤ እስኪመሽ ድረስ ከእቅፋቸው አላወረዷትም። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ሌሎቹ ልጆቻቸው በየፊናቸው ሄደዋል። እኛ ከወጣን በዚያ ሰፊ ግቢ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ተመለሱ። በፌስታል አዲስ ራውተርና የተጠቀለለ ሰማያዊ ገመድ ይዘዋል።

"ባለሱቁ ልጅ ሁለተኛ ያስፈልጋል አለኝ" አሉ። "ይሄኛው ከዚያኛው እየተቀበለ ለጓሮ የሚያሳልፍ ነው። ያለን ቡፌ ውስጥ ነው ብዬ ብነግረው ደግሞ ሳቀብኝ።"

ወዲያው ቡፌውን ከፍተው ዳንቴሉን ገፈፉና አሮጌውን ራውተር መስኮቱ ጋ አኖሩት። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ገመዱን በየት በኩል እንደሚያሳልፍ ግራ ገባው።

"በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አስኪደው" አሉት።

"ልብሱስ የት ሊሰጣ ነው?"

"ልብስ አጥር ላይም ይደርቃል።"

ያን ሽቦ እንኳን ገመድ ሊጠመጠምበት፣ ሌላ ሰው ካልሲ ሲያሰጣበትም ደስ አይላቸውም። ገመዱ ከማድቤቷ ጣሪያ በላይ አልፎ በመስኮታችን ገባ።

ስንሰካው ጉድ ፈላ። አዲሱ ራውተር መብራቱ በራ እንጂ ኢንተርኔት የለም፤ ይባስ ብሎ የሳሎኑም ጠፋ። አማቴ በስልካቸው ይከታተሉት የነበረው ስብከት እመሃሉ ላይ ቆመ። ባለሱቁ ጋ ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ልጄ፣ የነበረውንም እኮ አጠፋህብኝ።"

"አይዞዎት እማማ፣ ሁለቱ ተጣልተው ነው" አለ ልጁ። "ሁለቱም ለየስልኩና ለየላፕቶፑ አድራሻ የማድል እኔ ነኝ እያሉ ነው። በአንድ ቤት የምታድለው አንዷ ብቻ መሆን አለባት። ሌላዋ ማደሉን ትታ የመጣላትን ዝም ብላ ታሳልፍ።"

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። "የትኛዋ ናት ዝም የምትለው?"

"አዲሷ መሰለችኝ" አልኩ። "የእኛዋ።"

ትንሽ አሰቡና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "የኔዋ ብትሆንስ?"

"እሱም ይቻላል እማማ፣ ግን ሥራው ይበዛል። አዲሷ ትሁን።"

ልጁ እየነገረኝ በላፕቶፑ ወደ ማስተካከያው ገጽ ገባሁ። የአዲሱን ራውተር አድራሻ ለወጥኩ፣ ማደሉን አጠፋሁበት፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከሳሎኑ ጋር አንድ አደረግኩት። አጥፍቼ ሳበራው ስብከቱ ካቆመበት ቀጠለ። አልጋችን ላይ ተቀምጬ ፋይል ላክሁ፤ ሄደልኝ። አማቴ ስልካቸውን ይዘው ከሳሎን ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ እኛ ቤት መጡ፤ ሰባኪው አንዴም አልተቆራረጠም። ደጃፋችን ላይ ቆመው ሳቁ። ሲስቁ እንዲያ እንደሚያምሩ አላውቅም ነበር።

"እንግዲህ ሰበብሽ አለቀ" አለኝ ባለቤቴ። አልሳቅሁም። ጠዋት ሳህኔን ይዤ እንደምቆም አውቃለሁ።

ጠዋት ሳህኔን ይዤ ስሄድ ጓዳው ጋ አማቴ የሉም። ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቷል። ሳሎን ገባሁ፤ የራውተሩን ዳንቴል ያጣጥፋሉ።

"እማዬ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ረስተውታል።"

"አልረሳሁትም" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ልጁ ያለውን ሰምተሻል፤ በአንድ ቤት አንዷ ትበቃለች። የኔዋን ዝም ማሰኘት ሥራው ይበዛል አለ እንጂ አይቻልም አላለም።"

ለአንድም ሰው ያልተናገርኩትን ነገር እኚህ ሴት በየጠዋቱ ፊቴ ላይ ሲያነቡት ኖረዋል። እንባዬ መጣና ሳህኔን ይዤ ወደ ጓዳው ሮጥኩ።

ዱቄቱን ስሰፍር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አማቴ ባዶ ሳህን ይዘው፣ እኔ ስቆምበት ከኖርኩት ቦታ ላይ ቆመዋል።

"ለኔም ትንሽ ሽሮ" አሉኝ።

ሳህኑን ተቀብዬ እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ቂሊንጦ ያየነውን ቤት ሌላ ሰው ተከራየው። ቁልፉን ከዚያ ወዲህ እኔም አልቋጠርኩት፣ እሳቸውም አልወሰዱት፤ በሩ ላይ እንደተሰካ ኖረ።